ጎማ ዝም ብሎ አያብጥም

ሰፈሩ በሙሉ «ዳበሳ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። የተነፈሰ ጎማ ሲመጣላቸው ሌሎቹ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋ ይጠብቃሉ። እሱ ግን ጎማውን ከብረት ቸርኬው ያወልቅና እጁን ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዙሪያውን ይዳብሳል። ሚስማር ትሁን፣ የብርጭቆ ስባሪ ትሁን፣ ፀጉር የምታህል ሽቦም ብትሆን በጣቱ ያገኛታል። መዳፉ ከጭረት ብዛት የሥጋ ቤት መክተፊያ መስሏል።

እኔ ከጎኑ የመኪና ወንበር እሰፋለሁ። የሚለየን አንድ የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ክፉ ሰው ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አይደለም እላለሁ። መኪና ማንሻ ክሪክ ሲቸግረኝ ያውሰኛል፣ ታምሜ ስተኛ ሱቄን ይጠብቅልኛል። ነገር ግን ደግ ሰው የሚሠራው ጥፋት ከክፉ ሰው ጥፋት አይቀልም። እንዲያውም ይብሳል፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ «እሱ እንዲህ ካደረገማ አንድ ነገር ቢኖር ነው» ይላል። ስለዚህ የእሱን ነገር ሳወራ ምሬት ቢቀድመኝ አትፍረዱብኝ።

ከሥራው ሁሉ የሚኮራው ያበጠ ጎማ ሲመጣለት ነበር። አንዳንድ ጎማ በጎኑ በኩል ጉብ ብሎ ያብጣል፤ እንቁላል የዋጠ ይመስላል። ላዩን ስታዩት ደህና ነው፣ አልተቀደደም፣ አልተወጋም። ውስጥ ያሉት ክሮች ግን ተበጥሰዋል። እንዲህ ያለው ጎማ አይለጠፍም፣ አይጠገንም፤ ይጣላል። ያመጣው ሾፌር ደግሞ ሁልጊዜ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ምንም አልመታሁም። ጠዋት ስነሳ አብጦ አገኘሁት።»

ዳበሳ ለዚህ መልስ ነበረው። «ወንድሜ፣ ጎማ ዝም ብሎ አያብጥም» ይላል። ከዚያ ቸርኬውን በጨርቅ ይወለውልና የተጎዳውን ጠርዝ ፈልጎ በጣቱ ያሳያል። ሾፌሩ ራሱን ያካል፣ ወዲያ ወዲህ ያያል፣ መጨረሻ ላይ «እሺ፣ አንዲት ድንጋይ ነበረች» ብሎ ይስቃል። በአጠገቡ ያለው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። ዓመት ከዓመት እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጦ በውሸታም ሲፈርድ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ሰው ደግሞ መሳሳት ካቆመ ይበላሻል።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ነበረች። የእሷ ማሽን ወፍራም ጨርቅ ስለማይበሳላት ጠርዙን ልትሰፋ ወደ እኔ ትመጣ ነበር። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ነው የምትስቀው፤ ትውጣቸዋለች ብዬ ስንቴ ደንግጫለሁ መሰላችሁ። ማታ ማታ ዳበሳ ሥራ ሲጨርስ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና በጓሮ በር በኩል ይዛለት ትወጣለች። «እጅህን ሳትታጠብ መጋረጃዬን ብትነካ ጣትህን ነው የምሰፋው» ትለዋለች። እሱም ሆን ብሎ ጥቁር ጣቱን ወደ አፍንጫዋ ይሰድዳል። ልጅ አልመጣላቸውም፤ እሱንም ሳይጣሉበት ተቀብለውት ነበር። ትዳራቸው ያስቀና ነበር ስላችሁ እያጋነንኩ አይደለም። ሚስቴን ከቀበርኩ በኋላ እዚያ ቤት ገብቼ ስወጣ ሆዴ ባር ባር ይለኝ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የሚስቱ እናት ታመመች። ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ የሚያስታምማት ሌላ ልጅ የላትም። ልጇ ማሽኗን ሸፍና፣ ለባሏ ልብሱን አጣጥፋ ሄደች። ቶሎ እመለሳለሁ ብላ ነበር፤ ሕመሙ ግን የሚጎተት ሆነና ወራት ቆየች። ከእናቷ አልጋ ሥር መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ነበር የምታድረው። ዳበሳ በዚያ ጊዜ ቅጠል እንደረገፈበት ዛፍ ሆነ። ሌላ ወንድ ሚስቱ ስትርቅ የሚያደርገውን አላደረገም። ይህን እመሰክርለታለሁ፤ ማታ ከሱቁ ቤቱ፣ ጠዋት ከቤቱ ሱቁ ነበር። ችግሩም ከዚህ ነው የመጣው። በራሱ ንጽህና እርግጠኛ ነበር።

እናቲቱ ትንሽ ሲሻላት ልጅቱ ተመለሰች። የመጣች ቀን ዳበሳ ሱቁን ገና በጊዜ ዘጋ። «ምነው፣ ኮምፕሬሰሩ ተበላሸ እንዴ?» አልኩት በቆርቆሮው ላይ። «እርስዎ ደግሞ ጋሼ» ብሎኝ እያፏጨ ሄደ። በማግሥቱም ሱቁን ረፋድ ላይ ከፍቶ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘጋው። ተራርቀው የከረሙ ባልና ሚስት ናቸው። የሚወቀሱበት ነገር የለም፤ ለደንበኞቹ «ታሟል» እያልኩ የመለስኩለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ያን ጊዜ አላወቅኩም። የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ለእናንተ እንዲገባችሁ ግን በቦታው ልንገራችሁ።

ሚስቱ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሲታጠብ እጁ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ብልቱ ላይ፣ ከጫፉ ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳው ሥር አግድም የተጋደመ ጠንካራ ነገር ነበር። ወፍራም ክር ይመስላል፣ ሲነኩት ደግሞ እንደ ሽቦ ይቆረቁራል። ትናንት አልነበረም። አያምም፣ አልቆሰለም፣ መግል የለውም፣ ሽንት ሲሸናም አያቃጥለውም። ላዩን ደህና ነው። ያን መዳፍ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ልማዱ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰው።

ጤና ጣቢያው እኮ ከሱቃችን ማዶ ነው። መንገድ መሻገር ብቻ ነበር የቀረው። ነገር ግን ወንድ ልጅ ጥርሱን ቢያመው አገር ያውቃል፣ እዚያ ቦታ ላይ ሲሆን ግን ከሐኪምም ከአምላክም ይደብቃል። ዳበሳ መንገዱን አልተሻገረም። በምትኩ በርጩማው ላይ ተቀመጠና መፍረድ ጀመረ። ጎማ ዝም ብሎ አያብጥም። እኔ ምንም አልመታሁም። እንግዲያው የመታ ሌላ ሰው አለ።

ለምክር የሄደው ወደ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። መንገድ ሁሉ ስለሚያውቅ በሽታም ሁሉ የሚያውቅ የሚመስለው ሰው ነበር። «አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ነገር ወጣበት» አለው። ሾፌሩ ሳቀ። «ጓደኛህን ከሴት ነው በለው። ከሴት ካልሆነ ከየት ይመጣል?» አለና የሚዋጥ እንክብል ስም ነገረው። ዳበሳ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥበት ቦታ ፈልጎ ገዛው። እየተደበቀ፣ ሱቁ ውስጥ በኮምፕሬሰሩ ጀርባ ቆሞ ይውጥ ነበር።

ሚስቱን መጠየቅ የጀመረው ከሻንጣዋ ነው።

«ሻንጣሽን ማን ተሸከመልሽ?»

«መናኸሪያ ላይ? አንድ ሰውዬ አገዘኝ። ምነው?»

«ምን ዓይነት ሰውዬ?»

«ሰውዬ ነዋ። ኮፍያ ያደረገ። ምን ሆነሃል አንተ?»

አያችሁ፣ አንዲት ድንጋይ ተገኘች። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ማን እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ ዳበሳም አያውቅም፣ እሱም እነሱን አያውቅም፤ እዚያው መናኸሪያ ላይ ሻንጣውን አስቀምጦ «በሰላም ግቢ» ብሎ ሄዷል። በዳበሳ ጭንቅላት ውስጥ ግን ቤት ተከራይቶ መኖር ጀመረ። ጥቂት ቀን አመላለሰው፣ አሰላሰለው፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዘረገፈው። በሽታ ይዘሽብኝ መጣሽ አላት።

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ ፊቱን አየች። «እንግዲያው ተነስ፣ ሁለታችንም እንታይ» አለችው።

«ገመናዬን ሐኪም ቤት ወስጄ ላስጣልሽ?»

ብቻዋን ሄደች። ተመረመረች፣ ምንም የለብሽም ተባለች። መጥታ ነገረችው። እሱ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ሾፌርም ጎማውን አጥቦ ነው የሚያመጣልኝ» አላት። እናቴን ጠይቃት፣ አንድም ሌሊት ከአጠገቧ አልተለየሁም አለችው። «እናት ለልጇ ካልመሰከረች ለማን ትመሰክራለች» አላት። ማለች፣ አለቀሰች፣ ለመነችው። በዚህ ሁሉ መሃል እንክብሉን መዋጡን አላቋረጠም፤ አልጋም ለየ።

ታዲያ ትንሽ ሲቆይ እብጠቱ ጠፋ። ሳምንታት አልፈው አንድ ቀን ሲዳብሰው ቆዳው እንደ ድሮው ለስልሶ አገኘው። ይህ ነው የእሷን ነገር የጨረሰው። ባይድን ኖሮ ምናልባት ጨንቆት ማዶ ይሻገር ነበር። ዳነ፤ መድኃኒቱ አዳነኝ አለ፤ መድኃኒት ካዳነው በሽታ ነበር አለ፤ በሽታ ከነበረ ያመጣው ሰው አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በዚያው ሰሞን ከቤቴ ውጪልኝ አላት።

የወጣች ቀን ወደ እኔ ገባች። ማሽኔ ላይ የተወችውን ክር አነሳችና ወደ ቦርሳዋ ከተተችው። ዓይኗ ተነፋፍቷል። «ጋሼ፣ ማሽንዎን ስላስቸገርኩ ይቅርታ» አለችኝ።

«ምን ሆናችሁ ነው ልጄ?»

«እሱን ይጠይቁት። እኔ አፌ አይችለውም።»

ሄጄ ጠየቅኩት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ጋሼ» አለኝ። «የጠረጠረስ?» አልኩት። ኮምፕሬሰሩን አስነስቶ ኖሮ አልሰማኝም፤ ወይም አልሰማም ብሎ ነው።

እንዲያው ቢታረቁ ብዬ እሷንና አጎቷን አስጠርቼ ዳበሳ ቤት ተቀመጥን። አጎትየው ቁጡ፣ ክብሩን የሚወድ ሰው ነበር። «ልጃችን ምን አጠፋች?» ብሎ ጠየቀ። ዳበሳ መሬት መሬት እያየ «እሷ ታውቃለች» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። አጎትየው ወደ እሷ ዞረ። አሁን እናንተ ፍረዱ፤ አባት በሆነ አጎትና ወንበር በሚሰፋ ሽማግሌ ፊት፣ አንዲት ሴት ስለ ባሏ ብልት ምን ብላ ትናገራለች? አንገቷን ደፋች። አጎትየው አንገት መድፋቷን እንደ ቃሏ ቆጠረው። ከዘራውን አነሳና «ይበቃል፣ ሰማሁ» ብሎ ወጣ። ምን እንደሰማ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እሷ ወደ እናቷ ተመለሰች። እናትየዋም ያን ዓመት ሳትጨርስ አረፈች። ከዚያ ልጅቱ እዚሁ ከተማ ተመልሳ፣ ከእኛ ራቅ ያለ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ መስፋቷን ቀጠለች። አልፎ አልፎ ጨርቅ ቆርጬ የቀረኝን እወስድላታለሁ። ስለ እሱ አንስታልኝ አታውቅም፤ እኔም አላነሳሁባትም።

ዳበሳ ብቻውን ቀረ። ሌላ ሴት አላገባም። «ማንን አምኜ?» ይል ነበር፣ የተበደለው እሱ ሆኖ። እሷ የሰፋቻቸው መጋረጃዎች መስኮቱ ላይ እንደተሰቀሉ አቧራ ጠጥተው መልካቸው ጠፋ፤ አውርዶ አያጥባቸው፣ አውጥቶ አይጥላቸው። ከሾፌሮች ጋር የነበረው ጨዋታም ቀረ። ድሮ ድንጋይዋ ስትገኝ አብሮ ይስቅ ነበር፤ አሁን ይሰድባል። ሰው የራሱን ቤት በራሱ እጅ ሲያፈርስ የማያየው፣ ሁልጊዜ ሌላ አፍራሽ ስለሚፈልግ ነው።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን በቀትር ሱቁን ዘግቶ ወደ እኔ ገባ። ልብሱን የገፈፍኩት አሮጌ ወንበር ላይ፣ ስፕሪንጉ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ተመልሶ መጣብኝ» አለኝ።

«ምኑ?»

ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገረኝ። እስካሁን ያወራሁላችሁን በሙሉ፣ ሻንጣውንም፣ እንክብሉንም፣ ኮፍያ ያደረገውንም ሰውዬ። እየሰማሁት መቀሴን አስቀመጥኩ። ለካ ያቺን ልጅ ያባረራት ለዚህ ነው። አጎቷ ፊት አንገቷን ያስደፋት ለዚህ ነው።

«አሁንስ ከየትኛዋ ሴት አመጣኸው?» አልኩት እያንገሸገሸኝ።

«ሴት የለችም።»

«አትዋሸኝ።»

«የለችም አልኩዎት ጋሼ። እሷ ከወጣች ወዲህ የሴት እጅ ነክቶኝ አያውቅም። ብቻዬን...» አለና አቆመ። ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔም ገባኝ፤ ብቻውን የሚኖር ጎልማሳ ነው፣ ቀሪውን እናንተ ጨርሱት።

«እና ያው ራሱ ነው?»

«ያው ራሱ ነው። እዚያው ቦታ ላይ፣ እንደዚያው ሽቦ።»

የሚላከክበት ሰው አልነበረም። ኮፍያ ያደረገ የለ፣ ሻንጣ የለ፣ መናኸሪያ የለ። ቤቱ ውስጥ ያለው እሱና እጁ ብቻ ናቸው። ይህን እኔ ሳልነግረው ገብቶታል፤ አመድ ያስመሰለውም እሱ ነው እንጂ እብጠቱ አልነበረም።

እጁን ይዤ መንገዱን አሻገርኩት። ወረፋ ይዘን ብዙ ተቀመጥን። ተራው ደርሶ ሲገባ ሐኪሟ ወጣት ሴት ሆና አገኛት፤ በሩ ላይ ወደ እኔ ዞሮ ሊያመልጥ ሲል በዓይኔ መለስኩት። ውስጥ የተባባሉትን ወጥቶ አንድም ሳያስቀር ነግሮኛል።

«ጓደኛዬ ነው የታመመው» ብሎ ጀመረላት።

«እንግዲያው ጓደኛዎ ይምጡ፣ ያውልቁ» አለችው ጓንቷን እያጠለቀች።

ቀበቶውን ፈታ። ዳሰሰችው። ያምማል ወይ፣ ቁስል አለ ወይ፣ ፈሳሽ ይወጣዋል ወይ፣ ሽንት ያቃጥላል ወይ ብላ ጠየቀችው። ለሁሉም የለም አለ። ከመውጣቱ በፊት ምን እንደነበር ስትጠይቀው ግድግዳ ግድግዳ እያየ ነገራት። ምንም አልመሰላትም።

«አይጨነቁ፤ የሚያስፈራ ነገር አይደለም» አለችው። «ከቆዳችን ሥር ከደም ሥር ሌላ ውሃ መሰል ፈሳሽ የሚመላለስባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ጠንከር ያለ ወይም ረዘም ያለ መታሸት ሲኖር፣ በግንኙነትም ሆነ በእጅ፣ አንዱ ይዘጋና ያብጣል፤ እንደ ክር ይጠነክራል። ዕረፍት ይስጡት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።»

«መርፌስ?»

«አያስፈልግም። ለጥንቃቄ ግን ደምና ሽንት እናያለን፤ አባላዘር በሽታ አለመኖሩን ማረጋገጥ ሁልጊዜ ጥሩ ነው። ካመመዎት፣ ከቆሰለ፣ ወይም አልጠፋም ካለ ተመልሰው ይምጡ።»

«ከሴት አይደለም ማለት ነው?»

«ከማንም አይደለም።»

«ባልና ሚስት ተራርቀው ቆይተው ሲገናኙ...»

«እንዲያውም ያን ጊዜ ሊያጋጥም ይችላል።»

«የፊተኛው ጊዜ ግን እንክብል ውጬ ነው የጠፋው» አላት። እንደገባኝ፣ አንዲት የመጨረሻ ድንጋይ እየፈለገ ነበር።

«ሳይውጡም ይጠፋ ነበር» አለችው። «እንዲያውም ያለ ትእዛዝ መድኃኒት ባይወስዱ ይሻልዎት ነበር።»

የምርመራው ውጤትም ንጹህ ሆነ። ዳበሳ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ቦታ የቸገራቸው ሕመምተኞች ቆመው ያዩታል። ላጽናናው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን አንጀቴ እምቢ አለ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኩት። ዕድሜዬ ይህን ያህል ሆኖ፣ ሰው ሲያለቅስ እንዲህ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ብልም አልተጸጸትኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ሄጄ እግሯ ላይ ልውደቅ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ትንሽ ተስፋ አደረገ። ሁለቱም ብቻቸውን ናቸው፤ እሷም ሌላ ሰው አላገባችም። እውነቱ ከወጣ ምን ይታወቃል፣ ቀሪ ዘመናቸውን አብረው ይጨርሱ ይሆናል አልኩ። ብቻዬን አይሆንልኝም፣ አብረውኝ ይሂዱ ስላለኝ አብሬው ሄድኩ።

ክፍሏ ደረጃ የሚወጣበት ፎቅ ላይ ነው። ለአንድ ሆቴል የሚሰፉ ግራጫ መጋረጃዎች ከጣሪያ እስከ ወለል ተቆልለዋል፤ መራመጃ የለም። እኔን ሳም አደረገችኝና ያለችውን አንድ ወንበር ሰጠችኝ። እሱን አየችው፤ አልደነገጠችም፣ አልተቆጣችም። «ጨርቁ ላይ ተቀመጥ፤ እጅህ ንጹህ ከሆነ» አለችው።

ተቀመጠ። ነገራት። ተመልሶ እንደመጣ፣ ሴት እንዳልነበረች፣ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ፣ ቱቦዎቹን፣ መታሸቱን፣ ዕረፍቱን። እሷ ከጉልበቷ ላይ ያለውን ጨርቅ በስፒል እያያያዘች ሰማችው። ሲጨርስ ስፒሎቹን ከከንፈሯ አወጣች።

«ሐኪሟን ከዚያ በፊት ታውቃት ነበር?» አለችው።

«አላውቃትም።»

«ስንቴ ነው የነገረችህ?»

«አንዴ።»

«አንዴ ነገረችህና አመንካት።»

«ሐኪም አይደለች...»

«እኔስ? ስንቴ ነው የነገርኩህ? እየማልኩ፣ እያለቀስኩ።» ድምፅዋን አላነሳችም። «የማታውቃት ሴት አንዴ ብትነግርህ አመንክ። እኔ ሚስትህ ነበርኩ።»

እሱ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። «ይቅር በይኝ» አላት።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ቂም ይዤ ጨርቅ አይሰፋልኝም፤ ድሮ ነው የተውኩልህ። ተነስ፣ መጋረጃው ይቆሽሻል።»

ተነሳ። ፊቱ ላይ ያ ተስፋ ብልጭ ሲል አየሁት። እሷም ያየችው መሰለኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያለችውን ሳታየው፣ ወደ መስኮቱ ዞራ ነው ያለችው።

«አጎቴ ከእናንተ ቤት ወጥቶ በቀጥታ እናቴ ጋ ነው የሄደው። ልትሞት ሰሞን አጠገቧ ጠራችኝ። ‹ልጄ፣ እውነት ነው እንዴ?› አለችኝ። አጠገብሽ አልነበርኩም ወይ፣ እማዬ፣ አልኳት። ‹መድኃኒቱ ያስተኛኝ ነበር፤ ምን አውቃለሁ› አለችኝ። ምስክሬ ናት ያልኩህ እሷን ነው። እንዲህ እንደጠረጠረችኝ ሞተች። እኔን ይቅር በይኝ አትበለኝ፤ እኔ መቼም አውቀው ነበር። ሐኪሟ ያለችህን ሄደህ ለእሷ ንገራት።»

ዳበሳ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። እጀታውን ይዞ ዞረና፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «የት ነው የተቀበረችው?» ብሎ ጠየቃት።

ማሽኗን አስነሳች። እሱ ከእሷ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ቦታውን አውቀዋለሁ፤ ቀብሯ ላይ ነበርኩ። አልነገርኩትም።